ጫፉ ያልተዘጋው የስንዴ ዛላ

በዚያ ቀን በእማማ ዘነበች ሳሎን ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። የግቢው ባለቤት እማማ ዘነበች፤ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ አልጋው ላይ ትራስ ተደግፋ የተቀመጠችው ልጃቸው ሕይወት፤ የሕይወት ባል አክስት የሆኑትና ከተማችን ውስጥ ሴቶችን የእጅ ሥራ የሚያሠለጥኑት ወይዘሮ ሰናይት፤ ሳትቀልድ መዋል የማትችለው ጎረቤታችን ፋጡማ፤ ያኔ የፊት ጥርሶቿ የወለቁት ልጄ ሜሮን፤ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ልጇን ሲፈንን ታቅፋ የተቀመጠችው ሌሊሴ፤ እና እኔ አስካለ። ተጠቅልሎ የተኛውን ጨቅላ ከቆጠርነው እሱም ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ እውነቱን የምናውቀው ሌሊሴና እኔ ብቻ ነበርን። እሷ ለሰው ነግራ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ግን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩም፤ ለልጄ አልነገርኩም። በጾም ቀን ሳላውቅ ወተት የነካው ሻይ ብቀምስ እንኳ ለንስሐ አባቴ ሮጬ የምናገር ሴት ነኝ፤ ይህን ግን ለእሳቸውም አልነገርኩም። ትንሽ ትንሹን እያቀረብኩ ትልቁን ከኋላዬ ደበቅሁ። ይሄ ንስሐ ይባላል? እኔ እንጃ። ለዚህ ነው ዛሬ ለእናንተ ለአንባቢዎች የምጽፈው።

ዙሪያ ጥምጥም መሄድ እንደምወድ ስለማውቅ ያደረግሁትን አስቀድሜ ልናገር። ሌሊሴ የፈጠረችውን ጥለት እኔ ፈጠርኩት አልኩ። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እሷም እየሰማች፣ እኔ ነኝ አልኩ።

ሥራውን የማታውቁት ትኖራላችሁና እንደማስተምራቸው ሴቶች አድርጌ ልንገራችሁ። ባለ ቀለበት ክር ይባላል። ወፍራምና ለስላሳ ነው፤ ቀለበቶቹ ክሩ ላይ ከፋብሪካ ተሠርተው ይመጣሉ። ኪሮሽ አይፈልግም፣ የሹራብ መርፌ አይፈልግም፣ ጣት ብቻ ይበቃዋል። ክሩን ጠረጴዛ ላይ ትዘረጊያለሽ፤ አዲሱን ቀለበት ከኋላ አምጥተሽ በአሮጌው ቀለበት ውስጥ ወደ ፊት ትስቢዋለሽ፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን፤ እንዲህ እያልሽ ረድፉን ትጨርሻለሽ። መጨረሻ ላይ ቀለበቶቹን እርስ በርስ አያይዘሽ የመጨረሻዋን በክር ትቋጫታለሽ። ካልቋጨሻት፣ ወይም መሐል ላይ አንዷን ዘለሽ ካለፍሽ፣ አንድ ሕፃን በጣቱ ጎትቶ ብርድ ልብሱን በሙሉ ክር ያደርግልሻል።

እኔ ለዚህ ሥራ የተፈጠርኩ ነኝ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ግን ጭንቀታም ነኝ፣ ጭንቀቴም ለዚህ ሥራ ጠቅሞኛል። የሲሊንደሩን መዝጊያ ዘግቼ ከወጣሁ በኋላ ከበር ተመልሼ እንደገና የምነካ ሴት ነኝ። ሜሮን ካስነጠሰች ግንባሯን ሳልዳብስ ትምህርት ቤት አልሰዳትም። ብርድ ልብስ ላይም እንደዚያው ነኝ። እያንዳንዱን ረድፍ ከፊትም ከጀርባም አየዋለሁ፤ የመጨረሻዋን ቀለበት ደጋግሜ እቋጫታለሁ። ከእጄ ወጥቶ የተተረተረ ብርድ ልብስ የለም። ይህን ስጽፍ ኩራት ይሰማኛል። ኑዛዜ ላይ ኩራት እንደማያምር አውቃለሁ፤ ግን ኩራቴን ደብቄ ብናዘዝ ደግሞ ሌላ ውሸት ይሆንብኛል።

ክሩ ወደ ከተማችን የገባ ሰሞን ፋጡማ እኔን ባየች ቁጥር ትስቅ ነበር። «በናዝሬት ሙቀት ብርድ ልብስ! ቀጥለሽ ደግሞ ለግመሎቹ ካፖርት ሥሪላቸው።» እኔም እስቅ ነበር፤ እጄ ግን አላረፈም። ለሶፋ ማልበሻ ሆነ፣ ለአልጋ ጌጥ ሆነ፣ አሰላ ዘመድ ላላቸው ደግሞ የእውነት ብርድ ልብስ ሆነ። በእኛ ሰፈር ሴት ስትወልድ ለአራስ ጥየቃ ይዞ መግባትም ተለመደ።

ሌሊሴ የሁሩታ ልጅ ናት። በእማማ ዘነበች ግቢ፣ ከእኛ ቤት ጀርባ ያለችውን አንዲት ክፍል ተከራይታ ነበር። ባሏ ሥራ ፍለጋ ብሎ ወጥቶ በዚያው ድምፁ ጠፍቷል። ሲፈን ገና መዳህ መጀመሯ ነው። ሌሊሴ ሥራ ጠልታ አታውቅም፤ የቸገራት ልጅ ይዞ የሚሠራ ሥራ ነበር። «ሥራስ አለ ይሉኛል እትዬ፤ ቀጥሎ ልጅሽንስ የት ታደርጊያታለሽ ይሉኛል» ትለኝ ነበር። ይህን ነግራኛለች። ምን እንደሚያስፈልጋት አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። አውቅ ነበር።

ክሩን ያሳየኋት እኔ ነኝ። ከሰዓት ከሰዓት በረንዳዬ ላይ ቁጭ እንላለን፤ እሷ በግራ እጇ ትጀምራለች፣ እኔ እቆጣታለሁ።

«በቀኝሽ ያዢው እንጂ! የግራ እጅ ሥራ በረከት የለውም።»

«ቀኜ እኮ ደንቆሮ ነው እትዬ፤ ብነግረው አይሰማኝም» ትልና በግራዋ ትቀጥላለች።

ያን እጅ ስንት ጊዜ ተቆጣሁት? ብዙ። አንዴ እንዲያውም መታ አድርጌዋለሁ፤ እየሳቅሁ ቢሆንም መትቼዋለሁ። በኋላ የሰረቅሁት ያን እጅ መሆኑን ሳስብ እፍረቱ እጥፍ ይሆንብኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት ሜሮንን ቤት ውስጥ የቤት ሥራ ሳሠራ ቆይቼ ወደ በረንዳው ስወጣ፣ ሌሊሴ ሁለት ቀለበቶችን ቦታ አለዋውጣለች። የግራውን በቀኙ ላይ አሳልፋ ወደ ፊት አምጥታ፣ በዚያው እንደተደራረቡ ስባቸዋለች። በሚቀጥለው ረድፍ ደግማዋለች። ከበላዩም እንደገና። ስጠጋ ፍሬ ፍሬው ታየኝ፤ ከሜዳው ላይ ብድግ ብሎ ወደ አንድ ጎን ጋደም ያለ ነገር።

«ምንድነው ይሄ?»

«ቀመዲ ነው እትዬ። ስንዴ። እኛ ጋ ከሰዓት ነፋስ ሲመጣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚተኛው።»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እጅ ብዙ አይቻለሁ፤ እንዲያ ያለ ግን አላየሁም። ያን ቀን የተሰማኝ ደስታ ብቻ አልነበረም። እኔ ያስተማርኳት ልጅ እኔ ያላሰብኩትን ማሰቧ አንድ ቦታ ቆንጠጥ አደረገኝ። ኃጢአቴ ከዚያ ቁንጥጫ ሳይጀምር አይቀርም።

ሕይወት ልትወልድ ስትቃረብ አብረን አንድ የሕፃን ብርድ ልብስ ሠራን። ክሩ የእኔ ነው፤ ዳሩና መቋጫው የእኔ ነው። መሐሉን የሞላው ስንዴ የሌሊሴ ነው። አንዴ ሲፈን እየዳኸች መጥታ ጫፉን ይዛ ስትጎትት የብዙ ሰዓት ሥራ ፈታችብን። እኔ ልጮህ ስል ሌሊሴ ሳቀች። «ይተዉአት እትዬ፣ ክር እኮ ነው፤ ሸሽቶ የት ይሄዳል?» ብላ እንደገና ጀመረችው።

አሁን ወደዚያ ቀን ልመለስ።

ሕይወት በሰላም ተገላገለች፤ እኛም ለጥየቃ ገባን። ገንፎው ቀርቧል፣ እማማ ዘነበች ብሉ ብሉ ይላሉ። ብርድ ልብሱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ሌሊሴ ልጅ ስለያዘች። አልጋው ላይ ስዘረጋው እማማ ዘነበች እልል አሉ። ፋጡማ ገንፎዋን አስቀምጣ፣ «ይሄ ልጅ ከመወለዱ ባለ እርሻ ሆነ በሉኛ! የእኔዎቹ እስከ ዛሬ የጓሮ ጎመን እንኳ የላቸውም» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ወይዘሮ ሰናይት አልሳቁም። ተነሥተው መጡና መነጽራቸውን አድርገው ስንዴውን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ማን ነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

እዚህ ላይ ብቆም ኖሮ ግማሽ እውነት ነበረው። ክሩ የእኔ ነው፣ ዳሩ የእኔ ነው። ቀጥዬም «ከሌሊሴ ጋር» ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ ነበር። እሳቸው ግን ቀጠሉ።

«ዛላውንስ? ይሄንን ከማን ተማርሽው? የትም አይቼው አላውቅም።»

«ከማንም አልተማርኩም፤ ከራሴ ነው።»

አልኩት። ማንም አላስገደደኝም። ርቦኝ አልነበረም፤ ባሌ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፣ ቤታችን ምንም አልጎደለበትም። ታዲያ ለምን? ስንት ዓመት ጠይቄ የማገኘው መልስ አንድ ነው። ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር። እኔ እስከዚያ ቀን የሜሮን እናት ነበርኩ፣ የሾፌሩ ሚስት ነበርኩ፤ ያን ቀን ግን መነጽር ያደረጉ የተማሩ ሴት እጄን እያዩ «የትም አይቼው አላውቅም» አሉኝ። ጣፈጠኝ። በዚያ ጣዕም አንዲት ልጅ ሸጥኩ።

«እስቲ አሳዪኝ» አሉ ወይዘሮ ሰናይት።

ሜሮን ሮጣ ክር አመጣች። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ጥለት የሌለበትን ሜዳውን ጀመርኩ፤ እሱን እጄ ለምዶታል፣ አያስቸግረኝም። ቀለበቶቹን ማለዋወጥ ላይ ስደርስ ግን ጠፋብኝ። ሌሊሴ ስትሠራው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ማየትና መሥራት ግን ይለያያል። የትኛው ነው ከፊት የሚሆነው? የትኛው ነው የሚዘለለው? ቤቱ ሁሉ ይጠብቃል። ቀና አልኩ፤ ዓይኔ ከሌሊሴ ጋር ተገናኘ።

እንደምትናገር እርግጠኛ ነበርኩ። ብትናገር ምን እላለሁ ብዬ መልስ እንኳ አዘጋጅቼ ነበር፤ «እኔ ነኝ ያስተማርኳት» ልል። እስከዚህ ድረስ ክፉ ነበርኩ።

እሷ ግን አልተናገረችም። ሲፈን ጭኗ ላይ ተኝታለች፤ የሌሊሴ ግራ እጅ የልጅቷ ጀርባ ላይ ነው። ጣቶቿ ተንቀሳቀሱ። አንዱ ጣት በሌላው ላይ አለፈ፤ ቆየ፤ ተመለሰ፤ አንድ ዘለለ፤ እንደገና አለፈ። ለሌላ ሰው ልጅ የምታባብል ነው የምትመስለው። እኔ ግን ገባኝ። እያሳየችኝ ነበር። በልጇ ጀርባ ላይ፣ የራሷን ጥለት፣ ለሰረቀቻት ሴት፣ በሰው ፊት እንዳታፍር ብላ።

እኔስ ምን አደረግሁ? ጣቶቿን ተከትዬ ሠራሁት። ረድፍ በረድፍ። የውሸቴ ተባባሪ አደረግኋት፤ እሷም ዝም ብላ አሳየችኝ። ስንዴው ከጠረጴዛው ላይ ብቅ ሲል ቤቱ አጨበጨበ። አሁን የቀረኝ የዛላው ጫፍ ነው፤ ፍሬዎቹ እየጠበቡ ሄደው አንድ ላይ የሚዘጉበት። እሱን ሌሊሴ ስትሠራ አተኩሬ አይቼ አላውቅም። እንደገና ቀና ስል ሲፈን ነቃችና አለቀሰች። ሌሊሴ ታቅፋት ተነሥታ ወጣች።

«በቃ፣ በቃ፣ አየሁት» አሉ ወይዘሮ ሰናይት። «እኛ ጋ ይሄን ሥራ የሚያስተምር ሰው ስፈልግ ነበር። ሰኞ ነይ። ልጅሽን ይዘሽ መምጣት ትችያለሽ፤ ብዙ እናቶች ይዘው ነው የሚመጡት፣ ማዋያ ክፍል አለን።»

ልጅሽን ይዘሽ። ሜሮን ያኔ ተማሪ ናት፤ ማዋያ ክፍል ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ያ ክፍል የሲፈን ነበር። ያ ሥራ ልክ ለሌሊሴ ተሰፍቶ የመጣ ልብስ ነበር፣ እኔ ለበስኩት። በሩ ክፍት ነበር። ሌሊሴ በረንዳው ላይ ቆማ ሰምታ ይሆን? ይህን እስከ ዛሬ አላውቅም። አልሰማችም ብዬ ራሴን ለማባበል ብዙ ሞክሬአለሁ። ሰምታለች ብዬ ነው አሁን የምኖረው።

ሰኞ ሄድኩ። ወር ሳይሞላ ሌሊሴ ክፍሏን ለቀቀች። ዱከም ፋብሪካ ልትገባ ነው፤ ሲፈንን ሁሩታ ለእናቷ ልትተዋት ነው አሉኝ፤ የነገሩኝ እማማ ዘነበች ናቸው። ልትሰናበተኝ ስትመጣ ፌስታሏን አንጠልጥላ፣ ልጇን አዝላ በሬ ላይ ቆመች። እኔ ለክፍል የሚሆን ናሙና እየሠራሁ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ጫፉ የተበላሸብኝ ስንዴ ተዘርግቷል። አየችው።

«እትዬ፣ ጫፉን ሳላሳይዎት ቀረሁ። ላሳይዎት?»

ድምፅዋ ውስጥ ስድብ አልነበረም። እንደ ድሮው ነው ያለችኝ። በዚያች ሰዓት ተንበርክኬ እግሯን ብይዝ ይገባኝ ነበር። ወይም «አትሂጂ፣ ነገ አብረን እንሄዳለን፣ እውነቱን እናገራለሁ» ማለት። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እኔ ያልኳት ይሄን ነው፦

«አውቀዋለሁ።»

ለእሷ! ለራሷ፣ ለጥለቱ ባለቤት! ትንሽ አየችኝና «እሺ እትዬ፣ ደህና ይሁኑ» አለች። ሜሮንን ጉንጯን ስማ ወጣች። የተሳፈረችበት ባጃጅ ድምፅ እስኪጠፋ ከቤት አልወጣሁም።

ሰዎች ሲያመሰግኑኝ ለልጄ ስል ነው የለፋሁት እላለሁ። ሜሮን በእኔ ሥራ ጥሩ ትምህርት ቤት ተምራለች፤ ዛሬ ከእኔ ትረዝማለች፣ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ትዘጋጃለች። ግን ያን ቃል ስናገር ሜሮን ትዝ ብላኛለች? አላለችኝም። ልጄን ምክንያት አላደርጋትም። እናት ነኝና ይቅር በሉኝ አልልም፤ ሌሊሴም እናት ነበረች።

ሥራው ግን አማረ። ይህንንም ልንገራችሁ፤ ብደብቀው ውሸት ነው። ከአዳማ ብቻ አይደለም፣ ከሞጆም ከወንጂም ሴቶች እየመጡ ተምረዋል። መስማት የማትችል አንዲት ተማሪዬ ዓይኗን እጄ ላይ ተክላ ተምራ ዛሬ ሌሎችን ታስተምራለች። ባሏ የሞተባት አንዷ ቤቷን በዚህ አቁማለች። ሙሽራ ቤት ስገባ ሶፋው ላይ ስንዴው ተጋድሞ አየዋለሁ፤ ሚኒባስ ስሳፈር የሾፌሩ ወንበር ለብሶት አየዋለሁ። ደረቴ ይነፋል። ከኩራቱ ኋላ ግን ያቺ ግራ እጅ ሁልጊዜ አለች።

እንዴት አትኖር? ጥለቱ ራሱ ግራኝ ነው። ሌሊሴ የግራውን ቀለበት ከፊት የምታሳልፈው የምትሠራበት እጇ ግራ ስለሆነ ነው። እኔ ያየሁት እንደዚያ ስለሆነ እንደዚያው አስተማርኩ፤ በቀኝ የሚሠራ እጅ ግን ጠምዘዝ ማለት አለበት። አዲስ ተማሪዎች ሁሌ ይጠይቁኛል። «እትዬ አስካለ፣ ለምንድነው የቀኙ ከፊት የማይሆነው? እንዲያ ይቀል ነበር እኮ።» እኔ «ሥርዓቱ እንደዚህ ነው» እላለሁ። ፋጡማ ሳይቀር አንዴ ክፍል መጥታ አይታ፣ «የናዝሬትን ሴት ሁሉ ግራ አጋባሻት እኮ» ብላ ስቃብኛለች። ስለ ጫፉ ሲጠይቁኝም «ዛላው እንዲህ ተቆርጦ ሲቀር ነው የሚያምረው» እላለሁ። ስንት ሴት የእኔን አለማወቅ ውበት ነው ብላ ተምራለች!

ባለፈው ዓመት አንዲት ግራኝ ተማሪ ገባች። ሌሎቹ ሳምንት የሚታገሉትን እሷ በተቀመጠችበት ሠራችው። «እትዬ፣ ይሄ ነገር ለእኔ የተሠራ ነው!» ብላ እጇን ከፍ አድርጋ አሳየችን። ሁሉም ሳቁ። እኔ ፊቴን ልታጠብ ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ የዘመድ ሠርግ ነበረብንና ከሜሮን ጋር ወደ ሻሸመኔ ተሳፈርን። ዝዋይን ስናልፍ አንዲት አሮጊት የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ገቡና ከፊታችን ተቀመጡ። ልጁ የተጠቀለለበትን አየሁ። ስንዴው ነው። ወደ ግራ ተጋድሟል። ጫፉ ግን ተዘግቷል፤ ፍሬዎቹ እየጠበቡ፣ እየጠበቡ ሄደው፣ ላይ ላይ አንዲት ጠጕር የመሰለች ቀለበት ወጥታ።

«እናቴ፣ ይሄን ከየት አገኙት?»

«ሻሸመኔ ገበያ አንዲት ልጅ ነበረች፣ በእጇ የምትሠራ። ሴት ልጇ አጠገቧ ቁጭ ብላ ቀለበቱን ትለይላት ነበር። አቤት ሲያምርባቸው!»

«አሁንስ አለች?»

«የለችም መሰለኝ። ቦታውን ለቅቃለች አሉ። ወዴት እንደሄደች አላውቅም ልጄ።»

ልጇ አጠገቧ ነበረች። ይህን ስሰማ ዓይኔ ሞላ። ሜሮን እጄን ይዛ፣ «እማዬ፣ ምን ሆንሽ? ያንቺ ዛላ እኮ ነው» አለችኝ። ይህን ጽሑፍ ስታነብ መልሷን ታገኛለች። የእኔ አይደለም ልጄ። የእኔ ሆኖ አያውቅም።

አሮጊቷ ደግ ናቸው፤ «ከወደድሽው እዪው» ብለው ብርድ ልብሱን ወደ እኔ ዘረጉልኝ። አሁን እጄ በስሏል። ጀርባውን ገልበጥ አድርጌ ጫፉን አንድ አፍታ ባየው፣ የትኛው ቀለበት የት እንደገባ አነበው ነበር። ስንት ዓመት የጎደለኝ ነገር ጭኔ ላይ ነበር። አላየሁትም። ፊቱን ብቻ ዳስሼ አጥፌ መለስኩላቸው። በሕይወቴ ብዙ ነገር ያኮራኛል ብያችኋለሁ፤ ከሁሉም የምኮራበት ግን ያ ነው፤ ያን ቀን እጄን መሰብሰቤ።

የፊታችን ሰኞ ለተማሪዎቼም ለወይዘሮ ሰናይትም ይህንኑ እነግራቸዋለሁ። ስንዴው የሌሊሴ ነው፤ የቀኝ እጃችሁ የሚጠመዘዘው የእሷን ግራ ስለሚከተል ነው፤ ጫፉ የተቆረጠው ስለሚያምር አይደለም፣ እኔ ስለማላውቀው ነው። የጥለቱ ባለቤት መጥታ እስክታሳየን ድረስም ተቆርጦ ይቆያል። ከቦታዬ ቢያነሡኝ አልቀየምም፤ ቦታው መጀመሪያውኑ የማን እንደነበር ነግሬአችኋለሁ።

ይቅርታን ከእናንተ አልጠይቅም፤ በእጃችሁ የለም። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ሌሊሴ ትባላለች፣ የሁሩታ ልጅ ናት፣ በግራ እጇ ትሠራለች። ልጇ ሲፈን ትባላለች፣ አሁን ከፍ ያለች ተማሪ መሆን አለባት። ሻሸመኔም ሆነ ዱከም፣ ሁሩታም ሆነ ሌላ ቦታ ያያችኋቸው ካላችሁ፣ እባካችሁ የት እንዳሉና ደህና መሆናቸውን ንገሩኝ።